ቆሮሶዎቼ አላድግ አሉኝ፣ ዲኤንኤ ላስመርምር?

የኩሬው_ሰው፦ ሰላም ናችሁ? ሐዋሳ ዳር ላይ አንዲት ኩሬ አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት ከአንድ ቦታ አምጥቼ ጨመርኩ፣ ከዚያ ወዲህ እዚያው እየተዋለዱ ነው። የመጀመሪያው ዙር አሪፍ ነበር። አሁን ግን ስድስት ወር ቀልቤያቸው መዳፍ አይሞሉም፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ብወስዳቸው ማን ዞር ብሎ ያየኛል? ውጭ አገር ኦይስተር (ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ) የሚያረቡ ሰዎች ወላጆቹን በዲኤንኤ ምልክት ይመርጣሉ ሲባል ሰማሁ። ለቆሮሶ አይሆንም?

አምባዛ፦ ወንድሜ፣ ዲኤንኤው ይቆይህ። መረብ ስትጥል ጥፍር የሚያካክል ጫጩት ሞልቶ አይወጣም? ቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ገና በ30 እና በ40 ግራም መራባት ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋ መብላት ስለምታቆም አታድግም፣ ከዚያ ልጆቹ መኖውን ይሻሟታል። ወንዶቹን ለይተህ አሳድግ፣ እነሱ ይፈጥናሉ። ገልብጠህ ከሆዱ ሥር እይ፤ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። መጀመሪያ ዓይንህ ይደናገራል፣ መቶ ዓሣ ካየህ በኋላ ትለምደዋለህ።

የላብ_ልጅ፦ አምባዛ ልክ ነው፣ ግን ዝምድናም አለ። ከአንድ ቦታ የመጣ ዘር ሦስት ዓመት እርስ በርሱ ተዋልዷል። ኦይስተሮቹም ጋ ችግሩ ይሄው ነው። አንዲት እናት በአንዴ ሚሊዮኖች እንቁላል ስለምትለቅ ብዙ ወላጅ አንድ ላይ ብታደርግም ልጆቹ የጥቂቶቹ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፣ በዓይን ደግሞ አይለዩም። ምልክቱ የትኛው የማን ልጅ እንደሆነ ይነግርሃል፣ የአባትነት ምርመራ በለው። ለዓሣ ከሆነ ከክንፉ ጫፍ ትንሽ ተቆርጦ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፣ ዓሣው ይዋኛል። ግን እድገት የአንድ ጂን ሥራ ስላልሆነ ያለ ሚዛንና ያለ መዝገብ ብዙ አይፈይድም። ለአንድ ኩሬ አያዋጣም ባይ ነኝ።

የኩሬው_ሰው፦ እና ምን ላድርግ?

ሐይቅ_ዳር፦ ወላጆቹን ቀይር፣ ከሁለት ሦስት ቦታ አምጣ። ጊፍት የሚባለው የቆሮሶ ዝርያ እንኳ በ1988 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ሲጀመር ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የዱር ዓሣ ተሰብስቦ ነው። አደራ፣ የድሮዎቹን ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቃቸው።

የኩሬው_ሰው፦ ዛሬ መረብ ጣልኩ። አምባዛ፣ ጫጩቱ እንዳልከው ነው፣ ባልዲ ሙሉ! የለየኋቸውን ሴቶች ምን ላድርጋቸው?

አምባዛ፦ ሾርባ። አድራሻህን ላክልኝ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ይዤ እመጣለሁ።