«አድራሻው ልክ ከሆነ ቁልፉም ልክ ነው» ያለው ሰው ይምጣ!

ቀጭን ሽቦ፦
ትናንት ማታ አንድ የኦንላይን ስልጠና ገብቼ ነበር። ኢሜይል ቆልፎ ስለመላክ፣ ለጋዜጠኞችና ለማህበራት ሰራተኞች የተዘጋጀ። አሰልጣኙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የተቀባዩን አድራሻ ጻፉ፤ የቀረውን ሶፍትዌሩ ይጨርሰዋል። አድራሻው ልክ ከሆነ ቁልፉም ልክ ነው።» ሰዉ ቻቱን በልብ ምልክት አጥለቀለቀው። እኔ ደሜ ፈላ። በፒጂፒ ኢሜይል የምትቆልፈው ተቀባዩ ለሁሉ በሰጠው ቁልፍ ነው፤ የሚከፍተው እሱ ብቻ። ያ ቁልፍ ላይ ያለው ስምና ኢሜይል እኮ ተራ ጽሁፍ ነው። ቁልፉን የሰራው ሰው የፈለገውን ይጽፍበታል። አሁን ቁጭ ብዬ የማንኛችሁንም ስምና አድራሻ የያዘ ቁልፍ መስራት እችላለሁ። ቁልፍ የሚሰራው ፕሮግራም፣ ጂፒጂ፣ «ኢሜይሉ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቀኝም።

ማኪ፦
ጀመረህ ደግሞ። አሰልጣኙን አላውቀውም፣ ግን ልክ ብሏል። አንተ የምታወራው ዚመርማን በ1991 በፈረንጅ ፒጂፒን ሲያወጣ ስለነበረው ዓለም ነው። ዛሬ ተንደርበርድ (የኢሜይል ፕሮግራሙ) ቁልፍ ሲያጣ «ኦንላይን ልፈልግልህ?» ይልሃል። ኪይስ ዶት ኦፕንፒጂፒ ዶት ኦርግ የሚባለው ኪይ ሰርቨር (የቁልፍ ማከማቻ) ደግሞ ከ2019 ጀምሮ አለ። ኢሜይልህ ላይ በሚልከው ሊንክ ካላረጋገጥክ፣ ማንም ሰው ቁልፍህን በአድራሻህ ፈልጎ አያገኘውም። ምን ቀረህ?

ኮረኮንች፦
በ1991 እኔ አልተወለድኩም። በኛም በነሱም አቆጣጠር።

ቀጭን ሽቦ፦
«ምን ቀረህ» ነው ያልከኝ? የሊኑክስን ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስን ጠይቀው። በ2016 በስሙና በኢሜይሉ የተሰራ ሐሰተኛ ቁልፍ ኪይ ሰርቨር ላይ ተገኘ። ስምንት ፊደል ያላት የቁልፉ አጭር መለያ ሳትቀር ከእውነተኛው ጋር አንድ። አድራሻው ልክ ነበር። ቁልፉስ?

ማኪ፦
አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ላይ ነዋ! የመጣላቸውን ሁሉ ይቀበሉ ነበር፤ የገባ ደግሞ አይወጣም። እነሱን ማን ይከላከላል?

ጋሽ ሰርቨር፦
እነሱንስ ቀብረናቸዋል። በ2019 የፒጂፒ ባለሙያዎቹ የሮበርት ሃንሰንና የዳንኤል ካን ጊልሞር ቁልፎች ላይ አንድ ክፉ ሰው ወደ 150,000 የሚጠጋ ፊርማ ከመረባቸው። ቁልፉን ያወረደ ሰው ጂፒጂው ይታነቅበት ነበር። በ2021 የሰርቨሮቹ የጋራ መግቢያ አድራሻ ተዘጋ። ግን ልጆች፣ ችግሩ ሰርቨር ላይ ብቻ አይደለም። ጂፒጂ ተቀባይ ሲፈልግ በነባሪው ከፊል መመሳሰል ይበቃዋል። «ሚካኤል» ብለህ ብትጽፍ «ገብረሚካኤል»ም ይያዝለታል። ሙሉ አድራሻውን በማዕዘን ቅንፍ ካላስገባህ በቀር። መስሪያ ቤት ውስጥ ስንት ሚካኤል እንዳለ አስቡት።

ኮረኮንች፦
ጋሼ፣ በኮማንድ ላይን ኢሜይል የሚቆልፉት በአገሪቱ እርስዎና ሽቦ ብቻ ናችሁ።

ጋሽ ሰርቨር፦
ሁለት ከሆንን ይበቃል፤ አንዱ ላኪ አንዱ ተቀባይ።

ማኪ፦
ልመለስበት። ንግድ ባንክ አፕ ላይ ቁጥር ስታስገባ የባለሂሳቡ ስም ይመጣል አይደል? አየህ፣ ላክህ፣ አለቀ። ቅርንጫፍ ሄደህ መታወቂያውን ታያለህ እንዴ?

ቀጭን ሽቦ፦
ያ ስም ከየት መጣ? ባንኩ መታወቂያ አይቶ መዘገበው። እዚህ ስሙን የጻፈው ባለቁልፉ ራሱ ነው። ወይም ሌባው።

ማኪ፦
ደብሊውኬዲ (ቁልፉን ከ@ በኋላ ካለው ዶሜይን የሚያመጣው ዘዴ) ላይ ባንኩ ዶሜይኑ ነዋ! ቁልፉን የሚያስቀምጠው የኢሜይሉ ሰርቨር ባለቤት ነው፤ ሌላ ሰው እዚያ መጻፍ አይችልም። ጋሼ፣ እባክዎ ያስረዱልኝ።

ጋሽ ሰርቨር፦
አሰራሩ ልክ ነው። ከ@ በፊት ያለውን ክፍል ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጠዋል፣ ሻ-1 በሚባል ስሌት ይፈጨዋል፣ 32 ፊደል ያለው ስም ይወጣዋል። በዚያ ስም ዶሜይኑ ላይ ከተወሰነ ፎልደር ቁልፉን ያነሳል። ቆንጆ ነው። የማታምነው ዶሜይኑን ከሆነ ግን አልቆልሃል።

ቀጭን ሽቦ፦
በቃ! ስለ አለቃህ ሙስና ጋዜጠኛ የሚጽፍልህ በአለቃህ ዶሜይን ላይ በተቀመጠ ቁልፍ ነው ማለት ነው። ሲስተም አድሚኑ ቁልፉን ቀይሮ መሃል ላይ ቢቀመጥስ?

ማኪ፦
ሙስና ለማጋለጥ በመስሪያ ቤቱ ኢሜይል የሚጽፍ ሰው ቁልፍ ብቻ አያድነውም ወንድሜ 😂

የዲሲዋ፦
እናንተ ትስቃላችሁ። የዞን 9 ልጆች በ2014 ሲታሰሩ ስለ ዲጂታል ደህንነት መሰልጠናቸው ክስ ላይ ገብቷል። በዚያው ዓመት የካናዳው የምርምር ቡድን ሲትዝን ላብ፣ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ሃኪንግ ቲም የሚባል ኩባንያ ሰላይ ሶፍትዌር እንደተላከ አወጣ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ ኮረኮንች እንዳይሳሳት።) ለኛ ይሄ ጨዋታ አይደለም።

ማኪ፦
እህቴ፣ ያ ሌላ ነው። ሰላዩ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ከገባ፣ ቁልፉን ሰማንያ ጊዜ ብታረጋግጪውም ስትጽፊ ያይሻል።

የዲሲዋ፦
ሌላ መሆኑን አውቃለሁ ማኪ፣ አስረዳኝ አላልኩም። የምለው ሌላ ነው። እዚህ አንድ የሚዲያ ክፍል ዶሜይኑን ቀየረ። የአንዱ ባልደረባ ቁልፍ ላይ ያለው ግን አሮጌው አድራሻ ነው። ተንደርበርድ አድራሻው ከቁልፉ ጋር አንድ ካልሆነ አይቆልፍም። ፊንገርፕሪንቱ (የቁልፉ ረጅም ልዩ መለያ) የተረጋገጠ፣ ሰውየው የሚታወቅ፣ ቁልፉም እጃችን ላይ ያለ! ላኪው ምን አደረገ? ሳይቆልፍ ላከው። ስለዚህ «አድራሻው ልክ ከሆነ ቁልፉም ልክ ነው» ብቻ ሳይሆን፣ አድራሻው ልክ ካልሆነ ልክ የሆነውም ቁልፍ ይጣላል።

ጋሽ ሰርቨር፦
ለዚያ እኮ የአሊያስ ፋይል አለ። ይሄ አድራሻ ሲመጣ ያን ቁልፍ ተጠቀም ብለሽ በጄሰን ትጽፊያለሽ፣ የፋይሉን ስም ሴቲንግ ውስጥ ታስገቢያለሽ...

ኮረኮንች፦
ያንን ፋይል የጻፈ አንድ ጋዜጠኛ አሳዩኝና ከግሩፑ እወጣለሁ።

ማኪ፦
እሰይ ኮረኮንች! ክርክሬ ይሄው ነው። ሰው ፋይል አይጽፍም። አርባ ፊደል ፊንገርፕሪንት በስልክ አያነብም። ከበደው ማለት ሳይቆልፍ ይልካል። ኦቶክሪፕት ይሻላል፤ ቁልፉ ከኢሜይሉ ጋር ይመጣል፣ አንተ ምንም አትነካም። ዝም ብሎ የሚያነበውን ሁሉ ታስቀረዋለህ።

ቀጭን ሽቦ፦
መሃል ገብቶ የሚቀይረውንስ?

ማኪ፦
እሱን አላስቀረሁም። አስቀርቻለሁ ብዬም አላውቅም።

ቀጭን ሽቦ፦
አሰልጣኙ ግን ብሏል! «ቁልፉም ልክ ነው» አለ እኮ። «ከምንም ይሻላል» አላለም። የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያወጣው ስኖውደን በ2013 ፊልም ሰሪዋን ላውራ ፖይትራስን ሲያገኛት ቁልፏን ከአድራሻዋ ብቻ አላመነም። የዲጂታል ደህንነት ባለሙያው ማይካ ሊ ፊንገርፕሪንቷን ትዊተር ላይ እንዲለጥፍ አደረገ።

ማኪ፦
ያው ስኖውደን ለማይካ ሊ በላከው የመጀመሪያ ኢሜይል የራሱን ቁልፍ ማያያዝ ረስቶ ነበር። ሰውየው ቆልፎ መመለስ አልቻለም። የስለላ ድርጅት ባለሙያ ከረሳ የማህበር ሂሳብ ሰራተኛ ምን ታድርግ? አንተ ግን ለሷ ማኑዋል ትሰጣታለህ።

ቀጭን ሽቦ፦
ማኑዋል ሳይሆን እውነቱን። ተንደርበርድ እንኳን ካንተ ይሻላል፤ «አዎ፣ ግን አላረጋገጥኩም» የሚል ምርጫ አለው።

ማኪ፦
ሁሉም ሰው የሚጫነው እሱን ነው።

ቀጭን ሽቦ፦
ቢያንስ የተጫነውን ያውቃል።

የዲሲዋ፦
እስኪ ማኪ፣ አንድ ዶክመንት ቆልፌ ልላክልህ። ቁልፍህ የት አለ?

ማኪ፦
አድራሻዬን ታውቂው የለ? ፈልጊው።

የዲሲዋ፦
ፈለግኩት። ሁለት መጣ። አንዱ ከድሮ ሰርቨር ያወረድኩት፣ አንዱ አዲስ።

ማኪ፦
አዲሱን ያዢ። የድሮውን ተይው።

ቀጭን ሽቦ፦
አዲሱ ያንተ ለመሆኑ በምን ታውቃለች?

ማኪ፦
እኔ እየነገርኳት!

ቀጭን ሽቦ፦
«እኔ» ማነው? ፎቶ የሌለው የቴሌግራም አካውንት?

ጋሽ ሰርቨር፦
የድሮውን ለምን ሪቮክ አላደረግከውም፣ አይሰራም ብለህ አልሰረዝከውም፣ አንተ?

ማኪ፦
ጋሼ እርስዎም? ፓስዎርዱ አብሮኝ የለማ! ስንቱ ሰው እንደዚህ ነው፣ እኔ ብቻ ነኝ?

ኮረኮንች፦
ለሁለቱም ላኪለት፣ አንዱ ይከፍተዋል 😂

ቀጭን ሽቦ፦
ይሄ ሰውዬ ነው እንግዲህ «ምን ቀረህ» የሚለኝ።