ድጎማ የሚቀበል ሰው ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢይዝ በእጁ ስንት ይቀርለታል?

አንባቢው

ሰላም ለሁላችሁ። የመንግሥት ድጎማ ሰውን ከሥራ ያርቃል ወይስ አያርቅም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁለት ጎራ ሆኖ ይቀራል። አንዱ «ስንፍና ነው» ይላል፣ ሌላው «ችግረኛ ላይ አትፍረዱ» ይላል። እኔ የምፈልገው ሒሳቡን ነው። ድጎማ የሚያገኝ ሰው አነስተኛ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢይዝ በወሩ መጨረሻ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ በእርግጥ ይጨምራል? ካልጨመረስ የት ላይ ነው የሚበላው? የእንግሊዝን አሠራር የምታውቁ በዚያ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል፤ ቁጥሮቹ በሕግ የተቀመጡ ስለሆኑ ለማስላት ይመቻሉ። በጥናት የታየ ነገር ካለም ጨምሩልኝ።

ሚዛን

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የድጎማው ብዛት አንድ ነገር ነው፤ ሰው መሥራት ሲጀምር ድጎማው የሚቀነስበት ፍጥነት ደግሞ ሌላ። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ መጀመሪያው ነው፣ ጉዳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ሥራ ልያዝ አልያዝ የሚል ሰው የሚያመዛዝነው «ከማገኘው መቶ ስንቱ ይቀርልኛል» የሚለውን ነውና።

በእንግሊዝ ሥራ ለሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በየወሩ የሚሰጠውን ድጎማ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የቅነሳው መጠን 55 በመቶ ነው፤ ከዚያ በፊት 63፣ ሲጀመር ደግሞ 65 ነበር። ልጅ የሚያሳድግ ወይም ሕመም የመሥራት አቅሙን የቀነሰበት ሰው ቅነሳ ሳይነካው በየወሩ የሚያገኘው የተወሰነ ገቢ ይተውለታል። ልጅ የሌለው ጤነኛ ሰው ግን ይህ ስለማይፈቀድለት ቅነሳው ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ይጀምራል። 100 ቢያገኝ 55ቱ ከድጎማው ይነሳል፣ 45 ይቀርለታል።

ደመወዙ ግብር የሚከፈልበት እርከን ውስጥ ከገባ (በዓመት ከ12,570 ፓውንድ በላይ) ከተጨማሪው 100 ላይ 20 ለገቢ ግብር፣ 8 ለናሽናል ኢንሹራንስ (ለጡረታና ለመሳሰሉት ከደመወዝ ለሚቆረጠው መዋጮ) ይሄዳል። 72 ቀረ። የ72 ሃምሳ አምስት በመቶ 39.60 ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 32.40 ፓውንድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 20ን፣ 8ንና 55ን ደምሮ «83 በመቶ ይወሰዳል» ይላል። ቅነሳው የሚሰላው ከግብር በኋላ ባለው ላይ ስለሆነ ትክክለኛው 67.6 በመቶ ነው። ይህም ቢሆን በዚያው አገር ትልቁን ደመወዝ የሚያገኙት ከመጨረሻዋ ፓውንዳቸው ላይ ከሚቆረጥባቸው 47 በመቶ እጅግ ይበልጣል። ዝቅተኛ ደመወዝተኛው ከፍተኛውን ቅናሽ ይሸከማል ማለት ነው፤ ይህ ሊያሳዝነን ይገባል።

የቀድሞው የሥራ ፈላጊ ክፍያ ከዚህም የባሰ ነበር። ለነጠላ ሰው በሳምንት 5 ፓውንድ ብቻ ይተውለትና ከዚያ በላይ ያገኛት ሁሉ ፓውንድ በፓውንድ ትቀነስ ነበር።

ወለላ

የሚዛን ስሌት ትክክል ነው፤ ግን ሥራው ራሱ የሚያስወጣው ወጪ አልገባበትም። ተራ የመመላለሻ ትራንስፖርት ለተቀጣሪ አይቀነስለትም፤ ቅነሳው ታሪፉን አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የወጣውን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ፣ 12.21 ፓውንድን እንያዝ። በሳምንት 10 ሰዓት፦ 122.10። 55 በመቶው 67.16 ሲነሳ 54.94 ይቀራል። በእንግሊዝ የአውቶቡስ ጣሪያው ለአንድ ጉዞ 3 ፓውንድ ነው፤ ደርሶ መልስ 6። አሠሪው ሰዓቱን በ3 ቀን ከደለደለው ትራንስፖርት 18 ይሆንና 36.94 ይተርፋል፤ በሰዓት 3.69 አካባቢ። ያንኑ 10 ሰዓት በ5 ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት አድርጎ ከበተነው ግን ትራንስፖርቱ 30 ነው፤ የሚተርፈው 24.94፣ በሰዓት ወደ 2.50። ደመወዙ ያው፣ ሰዓቱም ያው ነው። የተለወጠው የሥራ ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ስለዚህ «ስንት ሰዓት ነው?» ከማለት ጋር «በስንት ቀን ነው?» ማለት ግድ ነው።

ሌላው ደግሞ ቀስ በቀስ መቀነስ ሳይሆን ገደል ያለበት ድጎማ ነው። የታመመ ወይም አካል ጉዳተኛ ዘመድ ለሚያስታምም ሰው የሚሰጠው ኬረርስ አላውንስ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በ2025/26 ክፍያው በሳምንት 83.30 ሲሆን የገቢው ጣሪያ 196 ፓውንድ ነበር። በዝቅተኛው ክፍያ 16 ሰዓት ሲሠራ 195.36 ይሆናል፣ ከጣሪያው በታች ነው። 17ኛዋ ሰዓት ስትጨመር 207.57 ትሆንና 83.30ው ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። 12.21 ለማግኘት 83.30 ማጣት፤ በዚያች አንድ ሰዓት ሥራ 71.09 ፓውንድ ኪሳራ። ይህ ሰው «16 ሰዓት ይበቃኛል» ቢል ሰነፍ የሚለው ማን ነው?

ጣሪያው የሚመዘነው ከግብርና ከናሽናል ኢንሹራንስ በኋላ ባለው ገቢ ነው፤ የጡረታ መዋጮ ግማሹም ይቀነሳል። ለጥቂት ፓውንድ ጣሪያውን የሚያልፍ ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው።

ደረሰኝ

ሁላችሁም ስለ መጠን ስታወሩ ጊዜውን ረሳችሁት። በእኔ አስተያየት ሰው አጭር ወይም የማያስተማምን ሥራ የሚፈራው ከቅነሳው ይልቅ ክፍያው ስለሚዛባበት ነው።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚሰላው በወር ነው፤ ወሩም የሚቆጠረው ሰውዬው ካመለከተበት ቀን ነው። በየ4 ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 13 ደመወዝ ይቀበላል፤ ስለዚህ በአንደኛው ወር ሁለት ደመወዝ ገብቶ ይቆጠርበታል። በዚያ ወር ድጎማው በእጅጉ ይወርዳል ወይም ዜሮ ይሆናል፤ የቤት ኪራይ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በየወሩ የሚከፈላቸውም ቢሆኑ ደመወዝ ቀኑ ቅዳሜና እሑድ ላይ ሲውል አሠሪው ቀድሞ እየከፈለ በአንድ ወር ሁለት፣ በሚቀጥለው ምንም የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ሚዛን ያነሳው ቅነሳ የማይነካው ገቢ በወር አንዴ ብቻ ስለሚታሰብ፣ ባዶ በሆነው ወር ያለው ሳይሠራበት ያልፋል። ይህንን ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ አራት እናቶች ከስሰው በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፣ ደንቡም ተስተካከለ፤ ማስተካከያው ግን በየወሩ ለሚከፈላቸው እንጂ በየ4 ሳምንቱ ለሚከፈላቸው አልደረሰም።

በዚህ ላይ አዲስ ያመለከተ ሰው የመጀመሪያ ክፍያውን ለማግኘት 5 ሳምንት ገደማ ይጠብቃል። በመካከል የሚሰጠው ቅድሚያ ክፍያ ብድር ነው፣ ከቀጣዮቹ ክፍያዎች ላይ ይቆረጣል። «ሥራው በሁለት ወር ቢያልቅብኝስ» የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር፦ ገቢው ከፍ ብሎ ድጎማው የተቋረጠበት ሰው በ6 ወር ውስጥ ተመልሶ ካመለከተ የድሮው የሒሳብ ቀኑ ይቀጥላል፣ 5 ሳምንቱን እንደገና አይጠብቅም። ይህን ሳያውቁ ሥራ የሚገፉ አሉ። በአንጻሩ ያለ በቂ ምክንያት ሥራ በገዛ ፈቃድ መልቀቅ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 91 ቀን ቅጣት ያስከትላል። ሥራው የማይመች መስሎ የታየው ሰው ገብቶ ከመሞከር ጭራሽ አለመግባትን እንዲመርጥ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ጥንቅር

ጥናት ለጠየቁት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ለቤተሰቦች የተረጋገጠ ገቢ እየሰጡ የሥራ ሰዓታቸውን የሚለኩ አራት ትልልቅ ሙከራዎች ተደርገው ነበር። ትልቁ በሲያትልና በዴንቨር የተካሄደው ነው፤ እዚያ የቅነሳው መጠን ለአንዳንዱ 50፣ ለሌላው 70 በመቶ ነበር። የባሎች የሥራ ሰዓት 9 በመቶ ገደማ፣ የሚስቶች 20 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ስለዚህ «ምንም አይለውጥም» የሚለው ውሸት ነው። «ሁሉም ሥራ ይተዋል» የሚለውም እንደዚያው። ሲነበብ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ክፍያው ያስመዘገቡትን ገቢ ተከትሎ ስለሚቀነስ ተሳታፊዎች የሠሩትን አሳንሰው የሚናገሩበት ምክንያት ነበራቸው።

በተቃራኒው በዚያው አገር ከ1975 ጀምሮ ለሚሠራ ሰው ብቻ የሚሰጥ የግብር ተመላሽ አለ። ሁለት ልጅ ያለው ቤተሰብ እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ለሚያገኛት እያንዳንዷ ዶላር 40 ሳንቲም ይጨመርለታል፤ ኋላ ገቢው ሲያድግ 21 ሳንቲም እየተነሳ ይሄዳል። በ1993 ከሰፋ በኋላ ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ እናቶች በብዛት ወደ ሥራ ገብተዋል፤ የ1996ቱ የድጎማ ሕግ ለውጥና የኢኮኖሚው መልካም ጊዜ አብረው ስለመጡ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት ነው የሚለው አሁንም ያከራክራል። ጉድለቱ በዓመት አንዴ ግብር ሲያሳውቁ መከፈሉ ነው፤ ለዚህ ሳምንት አውቶቡስ አይሆንም።

ፊንላንድ ደግሞ በ2017 እና 2018 ለ2,000 ሥራ አጦች ሥራ ቢይዙም የማይቀነስ 560 ዩሮ በየወሩ ሰጠች። በሁለተኛው ዓመት ከሌሎቹ ሥራ አጦች በ6 ቀን ገደማ ብቻ በልጠው ሠሩ። ብዙዎቹ ከ560ው ጎን የቤት ድጎማ ይቀበሉ ስለነበር፣ እሱ ገቢ ሲጨምር መቀነሱን አላቆመም። አንዱን ቧንቧ ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው ነው።

አንባቢው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ የሥራ ጥያቄ ቀርቦለት እስከ ነገ መልስ ስጥ የተባለ ሰው ምን ምን ይዞ ይቀመጥ?

ሚዛን

አራት ቁጥር። የሚቀበላቸውን ድጎማዎች በሙሉ ከነቅነሳ መጠናቸው፣ በተለይ ገደል ያለበት ካለ ጣሪያውን። ከግብር በኋላ የሚደርሰውን ደመወዝ፣ በሰዓት ሳይሆን በወር። ሥራው የሚያስወጣውን፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመላለስ ቆጥሮ። ልጅ ካለ የሕፃን ማቆያውን፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት እስከ ጣሪያው ድረስ 85 በመቶውን ይመልሳል፣ በተለመደው አሠራር ግን ወላጅ አስቀድሞ ከፍሎ ነው። ከጁን 2023 ወዲህ ሥራ ለሚጀምር ወይም ሰዓት ለሚጨምር የመጀመሪያውን ክፍያ በቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል። ሳይጠየቅ የሚሰጥ አይደለም፤ ስለዚህ ከማቆያው ጋር ከመፈራረም በፊት ይጠየቅ።

ደረሰኝ

ደመወዙ የሚገባው በየስንት ጊዜው እንደሆነም አሠሪውን ይጠይቅ። በየወሩ ወይስ በየ4 ሳምንቱ? በየ4 ሳምንቱ ከሆነ ሁለቱ ደመወዝ የሚገጥሙበትን ወር ከወዲሁ በካላንደር ላይ ያክብበት፤ ለዚያ ወር ኪራይ የሚሆን ከቀደሙት ወራት እየቀነሰ ያስቀምጥ።