ለ80 እንግዳ የሚሆን ሩዝ፦ ከዋዜማው ይብሰል ወይስ በዕለቱ?

ሰላም ለሁላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ 80 ሰው ጋብዤ ምግቡን ራሴ ላዘጋጅ ነው፤ ሩዙ ላይ ስለተቸገርኩ እባካችሁ አግዙኝ።

መጠኑን አስልቻለሁ። ለአንድ ሰው 75 ግራም ያልበሰለ ሩዝ፣ በጠቅላላው 6 ኪሎ። ሲበስል ሦስት እጥፍ ስለሚጠጋ ወደ 18 ኪሎ ይሆናል። አጥንት የሌለው ዶሮ ለሰው 150 ግራም፣ 12 ኪሎ። ሰላጣው አያስጨንቀኝም፤ ጨውና ሎሚው ቀድሞ ከገባ ቅጠሉ ስለሚጠወልግ ሊቀርብ ሲል እለውሰዋለሁ።

ሩዙ ከዋዜማው ቢበስል የትልቅ ድስት መሃል ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ እዚያ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ደግሞ እንደገና በማሞቅ አይጠፋም። ከ5 ሳንቲሜትር ባነሰ ውፍረት በሰፋፊ ትሪ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ግን ያን ሁሉ ትሪ የቤት ፍሪጅ አይችለውም። በዕለቱ ላብስል ብል ያለኝ ባለ 4 ምድጃ ብቻ ስለሆነ ሁለት ዙር ይፈልጋል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ዙር ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ለ2 ሰዓት በምን ላቆየው? ከሥሩ ውሃ ያለበት የቡፌ ማሞቂያ ትኩስን ያቆያል እንጂ የቀዘቀዘን በወጉ አያሞቅም። ወፍራም የፕላስቲክ በረዶ መያዣ በፈላ ውሃ አሙቄ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ ሩዙን ከነትሪው በፎይል ሸፍኜ ብከተው በእንፋሎቱ ይላቁጣል? ጥቂት ጠንከር እያለ ማውጣት ይሻል ይሆን?

ሌላው ሰልፉ ነው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቄ እንግዳው በሁለቱም በኩል እንዲያነሳ አስቤያለሁ። ዶሮው ለኋለኞቹ እንዳያልቅ አንድ ሰው ቆሞ ቢያድል ሰልፉን ያጓትተዋል?