ካሜራን ራሴን አስተማርኩ፣ አሁን ግን መንገዱ ጠፋኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶ ማንሳት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየነካካሁና እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። የምተዳደረው በሰርግ ፎቶ ሲሆን ይኸው 6ኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ቀን ውጭ ላይ ችግር የለብኝም። ጨለም ያለ አዳራሽ ስገባ ግን ጉዴ ይፈላል። ሌንሴ ከኤፍ 4 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፍቶ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ ካደረግኩት የሚጨፍረው ሰው ይደበዝዛል። 1/200 ሳደርገው ደግሞ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 6400 ያልፍና ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ፍላሹን ፊት ለፊት ስጠቀም ፊት ይነጣል፣ ጀርባው ይጠቁራል። ወደ ጣሪያ ማዞር ነጭና ዝቅ ያለ ጣሪያ ካለ ይሠራል፤ ባለቀለም ከሆነ ግን ሙሽሮቹም ያንኑ ቀለም ይዘው ይወጣሉ! (ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆና ያየኋትን ቀን አልረሳውም።)

ሌላው ጭንቀቴ ይብሳል። ይህን ሙያ እስከ እርጅናዬ ልሠራበት እፈልጋለሁ። ሰው የሚጠራኝ ግን ርካሽ ስለሆንኩ ነው። ዋጋ ስጨምር ስልኬ ዝም ይላል።

እባካችሁ ንገሩኝ፦ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ይቅደም ወይስ ሁለተኛ ፍላሽ? ዋጋ ጨምራችሁ የተሻገራችሁስ፣ የድሮ ደንበኞቻችሁን ምን አላችኋቸው?