ገዢው ከሥዕሌ ላይ 35 ሳንቲም ሜትር ቁረጪልኝ አለ፤ ምን ልመልስለት?

የመሐል ሜዳ ሠዓሊ፦

ጤና ይስጥልኝ። ነገሬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በዘይት ቀለም እሥላለሁ። አምና ኅዳር ላይ ጀምሬ ዘንድሮ ጥር ላይ የጨረስኩት አንድ ትልቅ ሥዕል አለኝ፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ60 ነው። እናቴ ደጃፏ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ስትፈትል ያሳያል። መጠኗ ከራሷ ከእናቴ ብዙም አያንስም። ከኋላዋ በጓሳ ሣር የተከደነው የድንጋይ ቤታችን አለ። ጉልበቷ ላይ ባና፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ጣል አድርጋለች። ግራ እጇ ፀጉሩን ይዞ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ክሩ ከጣቶቿ ቀጥ ብሎ ይወርድና እግሯ አጠገብ ከተንጠለጠለው እንዝርት ላይ ይደርሳል። እግሯ ባዶ ነው። ተረከዟ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ስንጥቁን አንድ በአንድ ሥዬዋለሁ።

ባናው ብቻ ሁለት ወር ወስዶብኛል። ጥቁር ይመስላል እንጂ ጥቁር አይደለም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቡናማ፣ እጥፋቱ ውስጥ ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ ጥቁር ቀለም አልነካሁም፤ ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅዬ በቢላዋ እየደራረብኩ ሠራሁት። ቀለሙን የማቀጥንበት የተልባ ዘይት ነው። ጠርሙሱን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን እናቴ ከምድጃው ዳር ሆና “ተልባ ነው እንዴ የሚሸተኝ?” አለችኝ። በጾም የምትወቅጠው ተልባ መልኳን ሸራው ላይ አጣብቆ እንደሚይዘው ስነግራት እጇን ከእሳቱ ላይ አንሥታ ዝም ብላ አየችኝ።

ባለፈው ወር በደብረ ብርሃን ሆቴል የሚያሠራ ሰው ሥዕሉን ቤታችን ድረስ መጥቶ አየው። በ150 ሺህ ብር ተስማማን፤ 20 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠኝ፤ በሁለት ምስክሮች ፊት ወረቀት ተፈራረምን። ገንዘቡ ለእናቴ ቤት ክዳን ነው፤ ክረምት ሳይገባ ወደ ቆርቆሮ ልለውጥላት አስቤያለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ከእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ኋላ ያለው ግድግዳ ከታች በእንጨት ስለተለበጠ ከልባጩ እስከ ጣሪያው ያለው ቁመት 1 ሜትር ከ85 ብቻ ሆነበት። “ከታች 35 ሳንቲም ሜትር ቁረጪልኝ፤ እግሩ ነው እንጂ ፊቷን አይነካም” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። የሥዕሉን መልክ የሚያበላሽ ነገር የጠየቀ አልመሰለውም።

ይበልጥ የከበደኝ ግን የእናቴ መልስ ነው። “ቁረጪው” አለችኝ። “ንቃቃት እግሬን ሆቴል ወስደሽ ለባዳ ታሳዪብኛለሽ?” አሥራ አራት ወር ሙሉ በዚያ ብርድ የተቀመጠችልኝ እሷ ናት፤ እግሩም የእሷ ነው። እኔ እምቢ ማለት የፈለግሁት ለሥዕሉ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ? እምቢ ብልስ ቀብዱ ምን ይሆናል? ደግሞ ተሽጦ ቢሄድ ይህን የሚያክል ነገር በጣርማ በር የተራራ መንገድ በኩል ሳይጎዳ እንዴት አወርደዋለሁ?


አናጺው ከጠባሴ፦

እኅቴ፣ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ለሥዕልና ለመስተዋት ፍሬም እሠራለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ 35 የተባለው 35 አይደለም። ሸራው ሲቆረጥ አዲሱ ጠርዝ በፍሬሙ እንጨት ላይ ታጥፎ ከኋላ መመታት አለበት። ለዚያ ቢያንስ 5 ሳንቲም ሜትር የተቀባ ሸራ ይሄዳል። ስለዚህ ከሥዕልሽ የሚጠፋው 40 ነው። በቢላዋ የተደራረበ ወፍራም ቀለም ደግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ጠርዝ ከዓመት ዓመት ወደ ውስጥ መርገፉን ይቀጥላል። ይህን ለሰውዬው ንገሪው፤ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ይህ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ሆቴሉ ገና በሥራ ላይ ከሆነ መቆረጥ ያለበት ልባጩ ነው። በሥዕሉ ወርድ ልክ ልባጩን አውጥቶ ግድግዳውን መጠገን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን እኔ ብሆን እዚያ ቦታ ጭራሽ አልሰቅለውም። ባንኮኒ ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው፤ ሥዕሉ ዝቅ ካለ እንዝርቱን ባንኮኒው ይሸፍነዋል፤ ሳይቆረጥ ተቆረጠ ማለት ነው። የደረጃውን ግድግዳ ጠይቂው። እዚያ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ሰውም አራት አምስት ሜትር ርቆ ማየት ይችላል። ሰው የሚያክል ሥዕል ከባንኮኒ ሥር ተንጋጦ አይታይም። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ተራ ምስማር አይበቃውም፤ ረጅም ፊሸር ቢያንስ በአራት ቦታ ይግባለት። ከግድግዳውም ጥቂት ይራቅ፤ በክረምት የግድግዳው እርጥበት ከኋላ ገብቶ ሸራውን እንዳያረግበው።

ጉዞውን በተመለከተ፣ እንዳትጠቀልዪው። ቀጭን ቀለም ቢሆን ኖሮ የተቀባው ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቀለል ነበር፤ ያንቺ ባና ግን ይህን አይችልም። ከነፍሬሙ የሚገባበት ሳጥን አሠሪ፤ ሳጥኑ ውስጥ ማዕዘኖቹ ብቻ ይያዙ፤ ቀለሙን ምንም ነገር አይንካው፤ ብርድ ልብስም ቢሆን። በአይሱዙ ላይ ቆሞ ከጎን ይታሰር እንጂ አይተኛ፤ ከተኛ ሰው ዕቃ ይጭንበታል። በላዩ ሸራ አልብሺው፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅም። ፍሬምሽ የባሕር ዛፍ ከሆነም አሁኑኑ እዪው። ባሕር ዛፍ ይጣመማል። ለዚህ መጠን ዝግባ፣ መሐሉ ላይ መስቀለኛ ያለው፣ ነው የምመክርሽ።


ከሸዋ ሮቢት፣ የሕግ ባለሙያ፦

ስለ ቀብዱ ልመልስልዎ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 ይህን ይገዛል። በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በስልክ ተናደው “አልሸጥልህም” እንዳይሉ። ያን ካሉ 40 ሺህ ብር ሊጠየቁ ይችላሉ። ማለት ያለብዎ “አይተህ የተስማማህበትን ሥዕል እንዳለ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ” ነው፤ ቢቻል በጽሑፍ። መቁረጥ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ፣ እንዲቆረጥ መጠየቅ በእሱ በኩል የመጣ አዲስ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሠዓልያን የማያውቁት ነው። ሥዕሉ ተሽጦ ባለቤትነቱ ወደ ገዢው ቢዞርም የአመንጪነት መብትዎ አብሮ አይሸጥም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 8 አመንጪው ክብሩን ወይም ዝናውን በሚጎዳ ሁኔታ ሥራው ሲዛባ፣ ሲቆራረጥ ወይም ሲለወጥ የመቃወም መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት ኢኮኖሚያዊ መብቱ በማንም እጅ ቢሆን ከእርስዎ ጋር ይቆያል። ያም ሆኖ ከተቆረጠ በኋላ ከመከራከር በፊት መጻፍ ይሻላል፤ በርክክቡ ሰነድ ላይ የሥዕሉን መጠን ይጻፉ፣ “አይቆረጥም፣ በላዩ አይቀባም” የምትል አንዲት መስመርም ይጨምሩ።


አስተናጋጅ ነበርኩ፦

እኔ ግን እናትሽን እሰማ ነበር። ሰው በማያውቀው ቦታ ባዶ እግሩን መታየት የሚያሳፍረው ሽማግሌ ብዙ ነው፤ የእኔም አያት እንዲሁ ነበረች። ፎቶ ስናነሣት እግሯን በቀሚሷ ጠርዝ ሳትሸፍን አትነሣም ነበር። የሥዕል ሕግ ሳይሆን የእናት ቃል ይበልጣል። የቆርቆሮውም ነገር ቀላል አይደለም፤ ክረምት አይጠብቅም።


ጡረተኛ የሥዕል መምህር፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ባናው ቀለም የጻፍሽውን ሳነብ እጄን በላኝ።

የተቆረጠ ሥዕል ታሪክ አለው። ሬምብራንት በአምስተርዳም የሣለው “የሌሊት ዘብ” የሚባለው ትልቅ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1715 ወደ ከተማው አዳራሽ ሲዛወር ለተሰጠው ግድግዳ ሰፋ። በአራቱም በኩል ቆረጡት፤ በግራው ብቻ 60 ሳንቲም ሜትር ያህል ሄደ፣ እዚያ የቆሙ ሰዎችም አብረው ሄዱ። ቁራጮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ምን እንደነበረ የሚታወቀው ሌላ ሠዓሊ ቀደም ብሎ በትንሹ ገልብጦት ስለነበር ነው። ያንን የቆረጡትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ግድግዳ የነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ለግድግዳ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አለ። የአንኮበር ተወላጁ አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ለዚያ መስኮት ተለክቶ የታሰበ ነው። ያንቺ ሥዕል የተለካው በእናትሽ ነው። ሰውዬው ለግድግዳው የሚሆን ከፈለገ ሌላ ሥዕል ይዘዝሽ፤ በደስታ ሥሪለት።

አሁን ወደ እናትሽ። ከላይ የጻፈችው እኅት ያለችውን አታቃልዪው፤ የተሣለ ሰው በመልኩ ላይ ድምፅ አለው። ነገር ግን እናትሽን የጠየቅሻት ስለ እግር ነው፤ የሚቆረጠው ግን እግር ብቻ አይደለም። አንቺ ራስሽ ክሩ የት እንደሚደርስ ጽፈሻል። ነጠላ ውሰጂ፤ ከታች 40 ሳንቲም ሜትሩን ሸፍነሽ እሷን ፊት ለፊት አስቀምጫት። ምንም አትናገሪ። የምትለውን ስሚ፤ ያንኑም አድርጊ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥር ላይ ያለቀ ወፍራም ቀለም ገና አልደረቀም። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ አየር እየሳበ ነው የሚጠነክረው። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሳይሞላው ለሆቴሉ ምርቃት እንዲያብረቀርቅ ብሎ ማንም ቫርኒሽ እንዳይቀባው።


የመሐል ሜዳ ሠዓሊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ለገዢው በሕግ ባለሙያው ቃል ጻፍኩለት፤ የአናጺውን የ40 ሳንቲም ሜትር ስሌትም አስረዳሁት። ሥዕሉን ሙሉውንና ተሸፍኖ በስልክ አንሥቼ ላክሁለት። በማግሥቱ ደውሎ የደረጃው ግድግዳ 3 ሜትር ከ10 መሆኑን፣ ሠራተኞቹ ግን እዚያ ሌላ ነገር አስበውለት እንደነበር ነገረኝ። ቅዳሜ ወርጄ አብረን እንለካለን። ባይሆን ቀብዱ ይቀርበታል፤ እኔም ሌላ ገዢ እፈልጋለሁ፤ ክዳኑ በዚህ ዓመት ላይሆን ይችላል። ይህን ለእናቴ አስቀድሜ ነግሬአታለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በርጩማዋን ከሥዕሉ ፊት አደረግሁላት። ወንድሜና እኔ ነጠላውን በሁለት በኩል ወጥረን ያዝን። መጀመሪያ ፊቷን አየች፤ ከዚያ እጇን፤ ከዚያ ዓይኗ ክሩን ተከትሎ ወረደና ነጠላው ላይ ቆመ። ቆየች። የራሷን ግራ እጅ ከጭኗ ላይ ትንሽ ከፍ አደረገች፤ ታውቀው እንደሆነ እንጃ።

“እንዝርቴስ?” አለች።

ነጠላውን ለቀቅነው። ተነሥታ ቀርባ እግሯን አየች። ያ ቀላል አልሆነላትም፤ ዝም ብላ ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ “እንግዲያስ እንዲህ ደረቅ አድርገሽ አትስደጂኝ፤ ቅቤ ቀቢኝ” አለችኝ።

ማታ ቀለሙን አወጣሁ። ስንጥቁን አላጠፋሁም፤ በተረከዟ ዳርና በአውራ ጣቷ ላይ ብቻ ቢጫ የተቀላቀለበት ነጭ በቀጭኑ አሳረፍኩ፤ ቅቤ የተቀባ እግር ፀሐይ ላይ እንደሚያበራው። ዛሬ ጠዋት አይታው ምንም ሳትል ወደ ሥራዋ ሄደች። ያ እስኪደርቅ ድረስ ሥዕሉን ሳጥን ውስጥ አላስገባም፤ ቅዳሜ የምወርደው ሜትሩን ብቻ ይዤ ነው።