ቴክስቸሩን ሳጠቁረው ድንጋዩ አመድ መሰለብኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ጓዶች። በፎቶሾፕ ለጌም የሚሆን የድንጋይ ግድግዳ ቴክስቸር (ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ምስል) እየሠራሁ ነው፣ 2048 በ2048 ፒክስል። ስንጥቆቹን በበርን መሣሪያ አጠቆርኩ፣ ጠርዞቹን በዶጅ መሣሪያ አፈካሁ። መጀመሪያ አሪፍ ነበር፤ ትንሽ ልጨምር፣ ትንሽ ልጨምር ስል ቡናማው ድንጋይ አመድ የተነፋበት መሰለ። ስንጥቁም በከሰል የተሰመረ ሆነ። ግድግዳው ላይ ደጋግሜ ስዘረጋው ደግሞ አንዷ የፈካች ድንጋይ በየቦታው ብቅ ትልብኛለች። ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ፣ ወደኋላ መመለስ የለም። ምን ይሻለኛል?

ግራጫው፦
ኤክስፖዠሩ (የመሣሪያው ጉልበት) ስንት ላይ ነበር? ፎቶሾፕ ሲጀመር 50 ፐርሰንት ላይ ነው፣ እዛው ከተውከው ሁለት ጊዜ ስታሻሸው አለቀለት። እኔ ከ10 አላልፍም። አመዱ የመጣው ግን ከሬንጁ ይመስለኛል፣ ብሩሁን፣ መካከለኛውን ወይስ ጥቁሩን ቦታ ልንካ ከሚለው ምርጫ። ሃይላይት ላይ አድርገህ ብታጠቁር ብሩሁ ቦታ ግራጫ ይሆናል፤ ሻዶው ላይ አድርገህ ብታፈካም ጥቁሩ ይደበዝዛል። ስንጥቁን በሻዶው አጥቁረው፣ ጠርዙን በሃይላይት አፍካው።
ከሁሉ በፊት ግን ዋናውን ምስል አትንካው! አዲስ ሌየር (ከምስሉ በላይ የሚነጠፍ ንብርብር) ክፈት፣ 50 ፐርሰንት ግራጫ ሙላበት፣ ሞዱን (ከሥሩ ካለው ምስል ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ኦቨርሌይ አድርገው። ግራጫው ዓይንህ እያየ ይጠፋል። ዶጁንም በርኑንም እዛ ላይ ሥራ፣ ሬንጁን ሚድቶን (መካከለኛው) አድርገህ። ከተሳሳትክ ቦታውን መልሰህ ግራጫ መቀባት ብቻ ነው። ቀለሙ ከጋለብህ በኦቨርሌይ ፈንታ ሶፍት ላይት ሞክር፣ እሱ ረጋ ያለ ነው።

ጨለማ ክፍል፦
ግራጫው ጨርሶታል። ስሞቹ ግራ ለሚያጋቡት ብቻ፦ ከፊልም ፎቶ ማጠቢያ የመጡ ናቸው። ወረቀቱ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ይጠቁራል፣ ስለዚህ ብርሃኑን በካርቶን ስትጋርደው ቦታው ፈክቶ ይቀራል፣ ዶጅ ማለት ይሄ ነው። በርን ደግሞ ተጨማሪ ብርሃን ማስመታት ነው። የፎቶሾፕ አይከኖች ላይ ያለችው እንጨት ጫፍ ላይ ያለች ክብ ነገርና እጁም ከዛው ናቸው።

ሰባራ ጠርዝ፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። ለምን ጥላ ትስላለህ? የጌሙ ኢንጂን (ጌሙን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ራሱ ብርሃን ይሰጣል። ፀሐይዋ ከግራ እየመጣች የሣልከው ጥላም በግራ በኩል ከወደቀ ግድግዳው ውሸት ይሆናል። የስንጥቁን ጥልቀት ለኖርማል ማፕ (ብርሃኑ ጉድጓድና እብጠት እንዳለ ሆኖ እንዲያርፍ ለሚያደርገው ተጨማሪ ምስል) ተወው። በእጅ የተሣለ መልክ ከፈለግህ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እንደልብህ ሣል።
ስለምትደጋገመው ድንጋይ፦ ኦፍሴት ፊልተር ውስጥ ገብተህ በሁለቱም አቅጣጫ 1024 አንሸራትተው። ጠርዙ መሃል ላይ ይመጣልሃል፣ መጋጠሚያው ያስታውቃል። ክሪታ የሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ካለህ የደብሊው (W) ቁልፍን ስትጫን ምስሉ ራሱን እየደገመ ይዘረጋል፣ እያየህ ትሠራለህ።

ጀማሪው፦
ተባረኩ። ደግነቱ የመጀመሪያው ፎቶ አለኝ፣ ከሱ ጀመርኩ። ግራጫ ሌየር፣ ኤክስፖዠር 8። አመዱ ጠፋ። ያቺ ድንጋይ ግን አሁንም አለች፤ ለካ ፎቶው ላይ ራሱ ከጎረቤቶቿ ፈክታ ኖሯል፣ እኔ ደግሞ ዶጅ ጨመርኩባት። አሁን በትልቅ ለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያልኩ እያጠቆርኳት ነው።