ለጀልባ ጉዞ ድረ ገጽ ወርድፕሬስ ወይስ ሌላ?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ። አጎቴ ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሥራ አላቸው፤ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ያው የምታውቁት ጉዞ ነው። ድረ ገጽ ሥራልኝ ብለውኛል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይፈልጉታል፤ ዋጋ ሲቀየር ደግሞ እኔን ሳይጠሩ ከስልካቸው ቢያስተካክሉት ደስ ይለኛል። ከድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌሮቹ የቱ ይሻላል፦ ወርድፕሬስ፣ ጁምላ ወይስ ድሩፓል? ኮድ ላይ ብዙም አይደለሁም።

መልስ፦
ወርድፕሬስ፣ አትጨነቅ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ስለሆነ ምን ቢበላሽብህ መፍትሔውን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው አታጣም። ለሁለቱ ቋንቋ ፖሊላንግ የሚባለውን ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚያሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ጫን፣ ነፃው ይበቃሃል። ድሩፓል ጠንካራ ነው፣ ግን ለአምስት ገጽ ምን አስለፋህ?

ሌላ መልስ፦
ጁምላን እንዲህ አትለፉት እንጂ! ሁለት ቋንቋ ያለ ምንም ፕለጊን ይሠራል። እርግጥ አጎትህ አስተዳዳሪው ገጽ ውስጥ ገብተው ሊጠፉ ይችላሉ፣ ሜኑው ብዙ ነው።

ሌላ መልስ፦
ወርድፕሬስ ካልክ ዶት ኮሙንና ዶት ኦርጉን እንዳታምታታ፤ ዶት ኮሙ ድረ ገጹን ራሱ ጋ የሚያስቀምጥልህ አገልግሎት ነው። ከዶት ኦርግ የምታወርደው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ለሆስቲንግ (ገጹ ለሚቀመጥበት ሰርቨር) እና ለዶሜን (ለገጹ አድራሻ ስም) ግን ራስህ ትከፍላለህ። ብዙ ቴም (የገጹ መልክ ንድፍ) ደግሞ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጨምርበት፣ አለዚያ አማርኛው በየስልኩ መልኩን ይቀያይራል። የጣናን ፎቶ ከካሜራ እንደወጣ እንዳትጭነው! አንዱ ብቻ አምስት ሜጋባይት ይሆንና ቱሪስቱ ገጹ እስኪከፈት ሌላ ጀልባ ይይዛል።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ወርድፕሬስ ከፖሊላንግ ጋር ይሁን። ፎቶ የሚያሳንስ ጥሩ ፕለጊን የምታውቁ ካላችሁ ጣል አድርጉልኝ።